የልጆቻችን ጥያቄ፦ ከአያቶቻችን ዘመን እስከ ዛሬ



ቅዳሜ ከቁጠባ ስብሰባችን በኋላ ሴት ልጆቻችንን የምንሰበስብበት ሰዓት እንዳለን ታውቃላችሁ። አንድ ካርቶን ቀዳዳ አበጅተንለት፣ ስማቸውን ሳይጽፉ ጥያቄያቸውን እንዲከቱበት አድርገናል። በቅርቡ ስንከፍተው ሦስት ብጣሽ ወረቀቶች አገኘን። አንዷ «የወር አበባ አይታ የማታውቅ ልጅ ልታረግዝ ትችላለች?» ትላለች። ሁለተኛዋ «መርፌ የተወጋች ኋላ መካን ትሆናለች ይባላል፤ እውነት ነው?» ብላለች። ሦስተኛዋ «ሞዴስ መግዛት ካልቻልኩ በዚያ ሳምንት እንዴት ትምህርት ቤት ልሂድ?» ብላ ጽፋለች።

ጮክ ብለን ስናነብ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት እናት «እኛም እኮ ይኸንኑ ልንጠይቅ ፈልገን ነበር። ማንን እንጠይቅ?» አሉ። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ንግግር ነው። የልጆች ጥያቄ ከዘመን ዘመን ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው መላሹ ማን እንደሆነና መልሱ በጊዜው መድረሱ ነው። ይህን ታሪክ ካላወቅን ደግሞ ነገ ምን መሥራት እንዳለብን አናውቅም።

ከሠርግ በኋላ የሚመጣ መልስ

ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ እስከ ሊበን ገጠር ድረስ ያደግን ሁሉ በልጅነት መዳርን እናውቀዋለን። ከእናቶቻችን አንዳንዶቹ በሰባትና በስምንት ዓመታቸው ተድረዋል። እነሱ እንደሚነግሩን ሽማግሌዎች ሙሽራውን «እስክታድግ አትነካትም» ብለው ያስምሉት ነበር። ልጅቱ ማደጓ የሚታወቀው ደግሞ አደፍ ስታይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ የወር አበባ ለልጅቱ የትምህርት መጀመሪያ አልነበረችም፤ የመሐላው ማብቂያ ነበረች።

እናት ለልጇ «በዚህ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አትግቢ» ትላለች፤ ልጅም ትታዘዛለች። ነገር ግን ደሙ ለምን እንደመጣ፣ ከእርግዝና ጋር ምን እንደሚያገናኘው የሚነግራት አልነበረም። ይህን የምንለው እናቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ ለእነሱም የነገራቸው የለም። የሃይማኖት ሥርዓት መጠበቅና የራስን ገላ ማወቅም አይጣሉም። ሁለተኛው ተረስቶ ቀረ እንጂ።

ዋጋውን የከፈሉት ልጆቹ ናቸው። ገላዋ ሳይጠነክር ያረገዘች ልጅ ምጥ ለቀናት ሲይዛት፣ ሕፃኑ ይሞትና እሷ ፊስቱላ ይዛት ትቀራለች። በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጡት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት እንዲህ ያሉ ሴቶችን ለማከም ነው። በ1997 ዓ.ም. በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ማዕከል ሲከፈት የእኛ አካባቢ ሴቶች መንገድ አጠረላቸው።

ሕግ ምን ይል ነበር?

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅን ይከለክል ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ብሎ ወሰነ። በእኛ ገጠር ግን ያም ቢሆን አልተከበረም። እንግዲህ አስቡት፤ ልጅቱን መዳር ቀላል ነበር፣ እርግዝናን እንዴት እንደምታቆይ በአደባባይ መንገር ግን በሕግ ያስጠይቅ ነበር።

በዚያ ዘመን፣ በ1958 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ተቋቋመ። እንደኛ በበጎ ፈቃድ የተሰባሰቡ ሰዎች የጀመሩት ነው። ሥራው ወደ ከተሞች ቢሰፋም ወደ ገጠር እስኪደርስ ብዙ ዓመታት አለፉ። የመንግሥት የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ የወጣው በ1985 ዓ.ም. ነው። ያኔ የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት ሴቶች ከመቶ 4 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ፖሊሲው ይህን በ2007 ዓ.ም. ወደ 44 ለማድረስ አቀደ።

ከዚያ በኋላ ሕጎቹ ተከታትለው ተሻሻሉ። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አደረጉት። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ተደፍራ ያረገዘች ሴትም በጤና ተቋም እርግዝናውን ማቋረጥ እንድትችል ፈቅዷል። ወረቀት ግን ብቻውን ልጅ አያድንም። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ የአማራ ክልል ሴቶች ግማሾቹ 15 ዓመት ሳይሞላቸው ተድረው እንደነበር ታይቷል።

ሬዲዮ ስትናገር

ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ ይተላለፍ የነበረውን «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ ድራማ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። 257 ክፍሎች ነበሩት። ስለ ፍቅር፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ኤድስና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ያወራል። በገበያና በቡና ላይ የፍቅርተን ነገር ስናወራ ስለ ራሳችን ማውራት ጀመርን። በቤት ውስጥ ነውር የነበረው ቃል ከሬዲዮ ሲሰማ አባቶችም ዝም ብለው ያዳምጡት ነበር። የድራማው አዘጋጆች ከአድማጭ ብዙ ደብዳቤ ይደርሳቸው ነበር። ሕዝቡ የሚጠይቀው አጥቶ እንጂ ጥያቄ አጥቶ እንዳልነበር ያን ጊዜ ታየ።

የሞሰቦ ልጆች

ከሁሉ በላይ ልንማርበት የሚገባው ግን እዚሁ ምዕራብ ጎጃም የሆነው ነው። በ1996 ዓ.ም. በይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ በተባለች ቀበሌ «ብርሃነ ሄዋን» የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። የጀመሩት የክልሉ ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድና ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለ ድርጅት ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ከ10 እስከ 19 ዓመት የሆናቸውን ልጃገረዶች በቡድን ሰበሰቡ። ትምህርት ቤት መቆየት ለሚፈልጉት ደብተርና እስክሪብቶ ሰጡ። ትምህርት ያልገቡት በሳምንት ብዙ ቀን እየተገናኙ ፊደልና የእጅ ሙያ ተማሩ። ያገቡት ልጆች ደግሞ የራሳቸው ቡድን ነበራቸው። መሪዎቹ ከዚያው ከቀበሌው የተመረጡ ሴቶች ናቸው። ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝናና ስለ መከላከያ የሚጠየቀው እዚያ ነበር። ወላጆችና ሽማግሌዎችም ስለ ልጅነት ጋብቻ እየተሰበሰቡ ተወያዩ። ልጁን ሳይድር ለሁለት ዓመት ላቆየ ቤተሰብ መጨረሻ ላይ በግ ወይም ፍየል ይሰጠው ነበር።

ውጤቱ በ2001 ዓ.ም. ታትሟል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቀበሌ ልጆች ይልቅ ትምህርት ቤት ተገኙ፤ ከነሱ ያገቡትም በጣም ጥቂት ሆኑ። ወንድ ያወቁት ልጆችም መከላከያ የመጠቀም ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። ሁሉም ነገር ግን አልተሳካም። ከ15 ዓመት በላይ የሆኑት በሞሰቦም ማግባታቸውን አልተዉም። ጋብቻው ዘገየ እንጂ እስከ 18 ዓመት አልቆየም።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ልጅ በትክክል የተመለሰ ጥያቄ ብቻ አይበቃትም። የምትጠይቅበት ቤት፣ የማይቀር ሰዓት፣ የምታምናት ሴት ያስፈልጓታል። መልሱን ሰምታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ደግሞ የሚድራት ሳይሆን የሚያስተምራት ቤተሰብ ሊጠብቃት ይገባል።

በየቀበሌው የመጡት እህቶች

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴቶችን መደበ። በእግራቸው ቤት ለቤት የሚሄዱ፣ ቋንቋችንን የሚናገሩ እህቶች ናቸው። ኪኒኑንና የሦስት ወር መርፌውን፣ ኋላም ክንድ ላይ የሚቀበረውን መከላከያ ወደ ቀበሌ አመጡልን። በአገር ደረጃ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 8 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 36 ደረሱ። በእነዚሁ ዓመታት በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች በ100,000 ወሊድ ከ871 ወደ 412 ወርደዋል።

ሆኖም ያላገባች ተማሪ ጤና ኬላ ገብታ ለመጠየቅ ዛሬም ታፍራለች። በሩ ላይ የአክስቷን ጎረቤት ታገኛለችና።

ለሦስቱ ወረቀቶች የመለስነው

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋብዘን ለሦስቱም ጥያቄዎች እንዲህ ተመለሰ።

ለመጀመሪያዋ፦ አዎን፣ ልታረግዝ ትችላለች። ደም የሚመጣው እንቁላሉ ሳይጸነስ ሲቀር ስለሆነ፣ እንቁላሉ ከመጀመሪያው ደም ሊቀድም ይችላል። «በመጀመሪያ ቀን አይረገዝም» የሚባለውም ውሸት ነው።

ለሁለተኛዋ፦ መርፌ አያመክንም። ካቆሙት በኋላ ለማርገዝ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል። በክንድ የሚቀበረው ሲወጣ መውለድ ቶሎ ይመለሳል። የወር አበባ ሲዛባ ወይም ሲቀር ደም ሆድ ውስጥ ተጠራቅሞ አይደለም። ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው ደግሞ ኮንዶም እንጂ መርፌም ኪኒንም አይደለም። በጉልበት የተደፈረች ልጅ ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ3 ቀን፣ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ በ5 ቀን ውስጥ መወሰድ አለበት፤ በፈጠነ ቁጥርም ይሻላል።

ለሦስተኛዋ፦ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። በየጥቂት ሰዓቱ መቀየር፣ በሳሙና ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው። ከፍራሽ ሥር እርጥቡን መደበቅ ግን ለሕመም ይዳርጋል። በመቀሌ ታጥቦ ተመልሶ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ የሚያመርተውን ፋብሪካ ያቋቋሙት ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2012 ዓ.ም. ከሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ሽልማት ተቀብለዋል። ከእኛም መስፋት የምትችሉ ለልጆቻችን መስፋት ትችላላችሁ።

አሁን ያለንበት

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚቀረው ፊደል ብቻ አይደለም። ጓደኛ፣ ክበብ፣ የምታዳምጥ መምህርት አብረው ይቀራሉ። ቤት የዋለች ልጅ ዘንድ ደግሞ ሽማግሌ ቶሎ ይደርሳል። «ሥራ ፈትታ ከምትቀመጥ ትዳር ትያዝ» የሚል ቃል እንደገና በጆሯችን እየገባ ነው። አያቶቻችን ከኖሩበት ለመራቅ ይህን ያህል ዓመት ፈጅቶብናል፤ ለመመለስ ግን አንድ ክረምት ይበቃል።

ስለዚህ አባላት ሆይ፣ የቅዳሜው ሰዓት አይቋረጥ። ሴት ልጅ ያላችሁ ላኩ፤ የጎረቤትንም ልጅ ጥሩ። ሽማግሌ ወደ ቤታችሁ ሲመጣ «ልጄ ገና ናት» ለማለት የምትፈሩ ካላችሁ ንገሩን፣ አብረን እንቀመጣለን። ደጋፊዎቻችንም የምትልኩት ሳሙና፣ ጨርቅና ደብተር ለልጅቱ ከቤት መውጫ ምክንያት ይሆናታል።

«ማንን እንጠይቅ?» ያሉት እናታችን ያን ቅዳሜ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለው ሰሙ። ሲነሡ የልጅ ልጃቸውን እንደሚያመጡ ነገሩን። ካርቶኑ በሚመጣው ቅዳሜም ይከፈታል።