ቻይናውያን በኢትዮጵያ

ቻይናውያን በኢትዮጵያ በአብዛኛው ለመንገድ፣ ለባቡር፣ ለግድብና ለፋብሪካ ሥራ የመጡ የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ዜጎች ናቸው። ቁጥራቸው ከፕሮጀክቶች ብዛት ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ሲሆን በአሥር ሺዎች እንደሚቆጠሩ ይገመታል። በማሌዢያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ለብዙ ትውልድ ከኖሩት የባሕር ማዶ ቻይናውያን (በቻይንኛ «ኋቺያው») በተለየ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ የሥራ ውላቸው ሲያበቃ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። በዚህ የተነሳ ሁለቱ ሕዝቦች ለአሥርተ ዓመታት አብረው ቢሠሩም፣ የሚግባቡበት ቋንቋ ግን ጠባብ ሆኖ ቆይቷል።

ታሪክ

በ1924 ዓ.ም ጃፓን የቻይናን ማንቹሪያ፣ በ1928 ዓ.ም ደግሞ ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረሩ። ቻይና የጣሊያንን ወረራ በሕጋዊነት ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ይሁን እንጂ በ1943 ዓ.ም ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ሆኖ ከሰሜን ኮሪያና ከቻይና ጦር ጋር ተዋግቷል። የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ በ1956 ዓ.ም ኢትዮጵያን ጎብኝተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር አሥመራ ላይ ተገናኙ። የዲፕሎማሲ ግንኙነት ኅዳር 15 ቀን 1963 ዓ.ም ተመሠረተ። በ1964 ዓ.ም መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ዜዱንግ ጋር ተነጋግረዋል።

ከዚህ ስምምነት በኋላ ከተሠሩት ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ የወረታ–ወልድያ መንገድ ነው። ከኮላ ድባ ተነስቶ በአዘዞ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው አዲስ ዘመንን አልፎ ወረታ ላይ ይህን መንገድ ያገኘዋል። መንገዱ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ ይደርሳል፤ ርዝመቱም ወደ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቻይናውያን መሐንዲሶችና ሠራተኞች በደርግ ዘመን ስለሠሩት በአካባቢው «የቻይና መንገድ» ይባላል።

ከ1990ዎቹ ወዲህ የቻይና ኩባንያዎች ቁጥር በፍጥነት ጨምሯል። የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ፣ በ2002 ዓ.ም የተመረቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ፣ በ2004 ዓ.ም የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር እና በመስከረም 2009 ዓ.ም የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ተጠቃሽ ናቸው። በዱከም የሚገኘው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞንም በቻይና ባለሀብቶች የተቋቋመ ነው።

ሥራው አደጋ ያልተለየው ነበር። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም በሶማሌ ክልል አቦሌ በተባለ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ በደረሰ የታጣቂዎች ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል።

ቋንቋ

በኢትዮጵያ ያሉ ቻይናውያን የጋራ ቋንቋ ፑቶንግኋ ወይም ማንዳሪን የሚባለው መደበኛ ቻይንኛ ነው። በቻይንኛ አንድ ቃል በሚነገርበት የድምፅ ቅላፄ ትርጉሙ ይለወጣል፤ «ማ» የሚለው ድምፅ እንደ ቅላፄው «እናት»፣ «ቃጫ»፣ «ፈረስ» ወይም «መስደብ» ማለት ይሆናል። አማርኛ በቅላፄ ፈንታ ማጥበቅና ማላላትን ይጠቀማል፤ «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። ፊደሉ ይህን ልዩነት ስለማያሳይ በስልክ የትርጉም መተግበሪያ የሚግባቡ ሠራተኞች ትርጉሙ ሊሳሳትባቸው ይችላል።

መደበኛ ቻይንኛ እንደ ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጸ ያሉ ድምፆች የሉትም። ስለዚህ ለጀማሪ ቻይናዊ «ጠራ» እና «ተራ» የሚሉትን ቃላት መለየት ያስቸግረዋል። ከዚህ የሚከብደው የግሥ እርባታ ነው። የቻይንኛ ግሥ በአድራጊው ማንነት፣ በጾታና በቁጥር አይለዋወጥም። አማርኛ ግን «ና»፣ «ነይ»፣ «ኑ» እና «ይምጡ» ብሎ ይለያል። ቻይንኛም «ኒን» የሚል የአክብሮት ተውላጠ ስም አለው፤ ግሡ ግን አብሮት አይለወጥም። በመሆኑም አንድ ቻይናዊ ፎርማን የለመደውን «ና» የሚል ቃል በዕድሜ ለገፉ ሰው ቢናገር፣ እሱ ሰዋስው መሳቱ ነው፤ ሰሚው ግን እንደ ንቀት ሊወስደው ይችላል።

የስም አሰጣጥም ይለያያል። ቻይናውያን የቤተሰብ ስም የሚያስቀድሙ ሲሆን በማኦ ዜዱንግ ስም «ማኦ» የቤተሰብ ስም ነው። ኢትዮጵያውያን ግን የራስን ስም አስቀድመው የአባትን ያስከትላሉ።

በሁለቱ ቋንቋዎች የጋራ የሆነ አንድ ቃል አለ፤ «ሻይ»። መነሻው የቻይንኛው «ቻ» ሲሆን በፋርስና በዐረብኛ በኩል አልፎ አማርኛ ውስጥ ገብቷል።

የሥራ ቦታ ግንኙነት

በግንባታ ቦታዎች የሚነገረው ከእንግሊዝኛ፣ ከቻይንኛና ከአገሩ ቋንቋ የተውጣጣ፣ በእጅ ምልክት የሚታገዝ አጭር ቋንቋ ነው። ገረጋንቲ ለማልበስ ወይም ዶዘር ለመምራት ይበቃል። ድማሚት በሚፈነዳበት ቦታ ማስጠንቀቂያ ለመስጠት፣ የሥራ ውልን ለማስረዳት ወይም ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ለመከራከር ግን አይበቃም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ይህን መብት ለማስከበር ግን ሁለቱ ወገኖች መደማመጥ አለባቸው።

በትግራይ የመንገድ ሥራዎች ላይ ያጠኑት የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ሚርያም ድሪሰን በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቻይናውያኑ ለልፋታቸው ምስጋና ይጠብቁ እንደነበር፣ ያገኙት ግን ብዙ ጊዜ ቅሬታና ክስ እንደሆነ ገልጸዋል። የቀን ሠራተኞች ክሳቸውን ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይወስዱ ነበር። ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በአገሩ ቋንቋ ስለሆነ በዚያ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ለአሠሪው ነው።

ኑሮና ባህል

ብዙዎቹ የሚኖሩት በኩባንያ ካምፕ ውስጥ ሲሆን ምግባቸውንም በራሳቸው ወጥ ቤት ያበስላሉ። በቻይና ምግብ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው የአሳማ ሥጋ በኢትዮጵያ በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችም በሙስሊሞችም ዘንድ አይበላም። በቢሾፍቱ የተከፈተ የቻይና ባለሀብቶች የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም ከነዋሪዎች በተነሳ ተቃውሞ ተዘግቷል።

የቻይና አዲስ ዓመት የጨረቃን ኡደት ስለሚከተል በጥር አጋማሽና በየካቲት አጋማሽ መካከል ይውላል። ዓመታቱ በ12 እንስሳት ይሰየማሉ፤ ይህም ዓመታትን በ4ቱ ወንጌላውያን ከሚሰይመው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ጋር ይመሳሰላል።

በከተማም በገጠርም ልጆች ቻይናዊ ሲያዩ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይጣራሉ፤ ጃፓናዊም ኮሪያዊም በዚሁ ስም ይጠራል። ቃሉ በገበያ ቋንቋ ቶሎ የሚበላሽ ዕቃንም ያመለክታል።

ትምህርት

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት አለ፤ ቻይንኛም በዩኒቨርሲቲው በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። አማርኛ ደግሞ በቤጂንግ የውጭ ጥናት ዩኒቨርሲቲ ይማሩታል። ከእነዚህ ተቋማት የሚወጡ ተማሪዎች በአስተርጓሚነት ይሠራሉ፤ በብዙ የግንባታ ቦታዎች ግን የቀን ሠራተኛውና ፎርማኑ አሁንም የሚግባቡት በምልክትና በጥቂት ቃላት ነው።