ጫት በቡና አገር

ከበደሌ በያዩና በሁሩሙ አልፎ መቱ የሚገባውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ግራና ቀኙን ይዞት የሚጓዘውን ጫካ አይረሳም። ከዚያ ጫካ ሥር ያለው ቡና የሰው እጅ ያልተከለው ነው። ዩኔስኮ የያዩን ደን እ.ኤ.አ. በ2010 ከዓለም የባዮስፌር መጠበቂያዎች መዝገብ ያሰፈረውም ለዚሁ የዱር ቡና ብሎ ነው። በዚያው መንገድ ላይ ባሉት ከተሞች ግን ከቀትር በኋላ ጉንጩን ወጥሮ የሚቀመጠው ወጣት የወጠረው በቡና አይደለም።

የሚያነቃ ነገር ለዚህ ምድር እንግዳ ሆኖ አያውቅም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ የኦሮሞ ተዋጊዎች የተቆላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ እንደ ኳስ አድበልብለው፣ በቆዳ ከረጢት ይዘው እንደሚዘምቱ ጽፏል። ቡና ቀላ ዛሬም አለ፤ ከእነገለባው ቅቤ ውስጥ ይቆላል፣ ሽማግሌ ይመርቅበታል። ልብ በሉ፤ የሚቀመሰው ቀን ተለይቶለት፣ ሰው ተሰብስቦ ነው።

የደጋው ክርስቲያን በበኩሉ ቡናንም ጫትንም ሲጸየፍ ኖሯል። ትምባሆማ በአጼ ዮሐንስ ዘመን ያስቀጣ ነበር። ጫት በታሪካችን ቀድሞ ብቅ የሚለውም በዛቻ መልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1332 የይፋቱ ሰብረዲን በአጼ ዓምደ ጽዮን ላይ ሲነሳ፣ የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልባታለሁ ማለቱን የንጉሡ ዜና መዋዕል ያወሳል። ቅጠሉ ያን ጊዜ የሃይማኖት ሰንደቅ ነበር ማለት ነው።

ቡና ከዚህ ነቀፋ የወጣው በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ኢሉባቦርም በዚህ ውስጥ ድርሻ አላት። ራስ ተሰማ ናደው ጎሬ ላይ ተቀምጠው ሲገዙ፣ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። የጎሬና የመቱ አካባቢ ቡና በበቅሎና በሰው ትከሻ እየወረደ፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይጫን ጀመር። ብር የሚያመጣውን ነገር ደግሞ ማን ያወግዛል?

ጫት ግን ከነሥርዓቱ በሐረርና በወሎ ቆየ። በወሎ የዱዓ አጋዥ ነው፤ ሰዓት አለው፣ የሚመራው ሽማግሌ አለው። «ምርቃና» የምንለው ቃል ራሱ «ምርቃት» ከሚለው ጋር ዘመድ ይመስለኛል። አሁን ከቃሉ ውስጥ ምርቃቱ ወጥቶ ሞቅታው ብቻ ቀርቷል። «ሐራራ»ም በዓረብኛ ሙቀት ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ያላገኘ ሰው ቃጠሎ ሆነ።

ጫትን ኢሉባቦር ያስገቡት በ1977 ዓ.ም. ከወሎ የመጡት ሰፋሪዎች ናቸው የሚሉ አሉ። ኧረ ተዉ! ጅማ ጎረቤት አይደለም እንዴ? ጫቱን የተሸከመው ዋጋና መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፉ የቡና ኮታ ስምምነት ፈረሰ፤ በ2001 እና በ2002 ደግሞ የቡና ዋጋ ከወደቀበት አልነሳ አለ። ቡና ተተክሎ ሦስት አራት ዓመት ያስጠብቃል፣ ከዚያም በዓመት አንዴ ይለቀማል። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ በተቆረጠ ቁጥር ጥሬ ገንዘብ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ጫት የተከለው ሰንፎ አይደለም። በኢሉባቦር ግን ከማሳው ይልቅ የተለወጠው ከተማው ነው። እዚህ የደረሰው ቅጠሉ ብቻ ነው፤ ሽማግሌውም ሰዓቱም አብረው አልመጡም።

በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ካቲኖን የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። አሠራሩ አምፌታሚን ከተባለው መድኃኒት ጋር ይቀራረባል። ልብን ያስሮጣል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ረሃብንና እንቅልፍን ያባርራል። ከተቆረጠ በሁለት ቀን ገደማ ኃይሉ ስለሚከዳው በኮባ ተጠቅልሎ ይጋለባል፤ የጫት መኪና እንደ እሳት አደጋ መኪና የሚከንፈው ለዚህ ነው። ማታ ሲበርድ ቃሚው ይከፋዋል። በላዩ ጨብሲ ይጠጣል፤ በደሌ ላይ ፋብሪካው አለና ቢራው ሩቅ አይደለም። ለማቆም የሞከረው ደግሞ ሌሊት ዱካክ ይጫወትበታል። አብዝቶ የሚቅም፣ ለአእምሮ ሕመም የቀረበ ወጣት ላይ ነገሩ ወደ እብደት ሊሄድ እንደሚችል ሐኪሞች ያውቁታል።

መቱ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ የፈተና ሰሞን ጫት ደግሞ የመቱ ብቻ ሳይሆን የግቢዎቻችን ሁሉ ነገር ነው። በመምህርነቴ ዘመን በምርቃና የተጻፈ የፈተና ወረቀት ሳላየው የቀረሁበት ዓመት የለም። መግቢያው እንደ ወንዝ ይፈሳል፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ጥያቄው ምን እንደነበረ ጠፍቷል። ሌሊቱን የነቃ አእምሮ ጠዋት ሊያስታውስ የሚገባው እንቅልፍ ነበር፤ እሱን ሸጦ ገባ። ተማሪው ግን አንብቤያለሁ ብሎ በእውነት ያምናል፤ እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

መንግሥትን እንዳንጠይቅ መንግሥት ራሱ ነጋዴ ነው። በ2010ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጫት በየዓመቱ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ ነበር። ኔዘርላንድ በ2013፣ እንግሊዝ በ2014 ዘጉት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ደግሞ በ2006 ዓለም አቀፍ ቁጥጥር አያስፈልገውም ብለው ነበር። እኛ እዚያና እዚህ መሐል ቆመናል። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከተጠየቁት ወንዶች 27 ከመቶው ጫት ቅሜ አውቃለሁ ብለዋል። ይህን ሁሉ ሕዝብ በደንብ ማስከበር ታስተዋለዋለህ ማለት ቀልድ ነው።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ የቡናው ገንዘብ ኪስ ይገባል፤ በዚያው ሰሞን ከተማ የሚወርደው የገበሬው ልጅ ከቀትር በኋላ የሚቀመጥበት ቦታ ማነው ያዘጋጀለት? ጫት ቤቱ ወንበርም፣ ጨዋታም፣ ወዳጅም ይዞ ይጠብቀዋል። እስከ እኩለ ሌሊት መብራት ያለው ቤተ መጻሕፍት፣ በደጃፉም ጀበና ጥዳ የምትጠብቅ አንዲት ሴት፣ በቡና አገር ይኼን ያህል ውድ ነገር ነው እንዴ?