የአረምና የመድኃኒት ስም፦ ስለ ኮሶና ስለ ቀበርቾ አጭር የታሪክ ማስታወሻ

በአትላንታ ከተማ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ በየአጥሩ ሥርና በየእግረኛው መንገድ ስንጥቅ አንድ አረም ይበቅላል። አበባው ቢጫ፣ ቅጠሉ ጥርሳም ሲሆን ግንዱ ሲሰበር ነጭ ወተት ያወጣል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «የእሪያ ኮሸሽላ» እንደ ማለት ባለ ስም ይጠሩታል፤ የሥነ ዕፅ ሊቃውንት ደግሞ ሶንኩስ ይሉታል። ወደ አሜሪካ የገባው ከአውሮፓ ነው፤ በኢትዮጵያም ደጋ የእህል ማሳ አረም ነው። እንደ እኛው ስደተኛ መሆኑ ነው ዐይናችንን የሳበው።

ይህ የተናቀ አረም በስም ረገድ ዕድለኛ ነው። በአንደኛው ምእተ ዓመት ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪዶስ ከመድኃኒት ዕፅዋት ጋር ቆጥሮ ጽፎታል። ስዊድናዊው ሊኒየስም እ.ኤ.አ. በ1753 ለዓለም ሲመዘግበው ያንኑ ጥንታዊ ስም አልለወጠበትም። የእኛ ዕፅዋት ዕጣ ግን እንዲህ አልነበረም።

ኮሶን እንመልከት። ጥሬ ሥጋ የሚበላው ሕዝባችን የኮስትርን ትል በኮሶ አበባ ማስወጣትን ያወቀው የውጭ ተጓዦች ከመምጣታቸው እጅግ ቀደም ብሎ ነው። ይሁንና ጄምስ ብሩስ የኢትዮጵያ ጉዞውን እ.ኤ.አ. በ1790 ሲያሳትም ዛፉን በእንግሊዛዊው በጆሴፍ ባንክስ ስም ጠራው። ስሙ ቀድሞ ለሌላ ተክል ተሰጥቶ ነበርና በማግስቱ ዓመት ጀርመናዊው ግሜሊን የኬኒግስበርጉን ፕሮፌሰር የካርል ሀገንን ስም ተካበት። ዛፉም እስከ ዛሬ «ሀገኒያ አቢሲኒካ» ይባላል። ዕውቀቱን ለሰጠው ሕዝብ የተረፈው ቅጽሉ ብቻ ነው።

የቀበርቾ ታሪክ ግን የተለየ ነው። ቀበርቾ የሶንኩስ የሩቅ ዘመድ፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይበቅል እሾኻም ተክል ነው። ሥሩ በፍም ላይ ሆኖ ለራስ ምታትና ለቡዳ ይታጠናል፤ ለሳልም ይታኘካል። ይህን ተክል ለሳይንስ የሰየመው ኢትዮጵያዊው ሊቅ መስፍን ታደሰ ነው፤ ስሙንም «ኤኪኖፕስ ቀበርቾ» አለው። ባላገሩ የሚጠራበት ቃል እንዳለ በሳይንስ መዝገብ ገባ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍም የእነዚህን ወገኖች ክፍል በእርሱው ብዕር አውጥቷል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። አንድ ዕፅ አረም ተብሎ ይቅር ወይም መድኃኒት ተብሎ ይከበር፣ የሚወስነው ጠባዩ ብቻ አይደለም፤ ስሙን የያዘውና የጻፈው ሰውም ነው።

አደጋው አሁን በሁለት ወገን መጥቷል። በአገር ቤት፣ ቀበርቾ መድኃኒትነቱ በሥሩ ነውና ለገበያ በተቆፈረ ቁጥር ተክሉ አብሮ ይጠፋል። በስደት ደግሞ የሚጠፋው ስሙ ነው። እኛም ብንሆን የላቲኑን ስም በየዩኒቨርሲቲው ስናጠና የእናቶቻችንን ስም ሳንጠይቅ ቀርተናል፤ ብዙዎቹንም ዛሬ መጠየቅ አንችልም።

ስለዚህ ለዚህ መጽሔት አንባብያን የምናቀርበው ጥሪ ከባድ አይደለም። በየቤታችን ያሉትን አረጋውያን እንጠይቅ፤ የተክሉን ስም፣ የሚበቅልበትን ወረዳ፣ የሚሰጠውን ጥቅምና ጉዳቱንም ጭምር እንጻፍ። የነገሩንንም ሰዎች፣ ከፈቀዱ፣ በስማቸው እንመዝግብ። ሀገን ዛፉን ሳያየው ስሙን አግኝቷል፤ ዛፉን ያወቁት ሰዎች ያለ ስም ሊቀሩ አይገባም።