ድንጋይም አገር አለው

ባለፈው ሰሞን ከውጭ የመጣ አብሮ አደጌ ሁሩታ እኛ ቤት ቡና ላይ ቁጭ ብለን ከኪሱ አንድ ድንጋይ አወጣ። ግማሹ ወይን ጠጅ፣ ግማሹ ቢጫ። እናቴ አገላብጣ አየችውና "ሁለት ድንጋይ አጣብቀው ነው የሸጡልህ፣ ልጄ?" አለችው። ሳቅን። ለካ የእናቴ ጥርጣሬ የድንጋዩ ታሪክ ራሱ ነው!

አሜትሪን ይባላል፤ የኳርትዝ ዓይነት ነው። ወይን ጠጁ አሜቲስት፣ ቢጫው ሲትሪን፤ ስሙም ከሁለቱ ተቀጣጥሎ የወጣ ነው። ሁለቱንም ቀለም የሚሰጠው ውስጡ ያለው ጥቂት ብረት ሲሆን፣ ብረቱ ከቦታ ቦታ ያለበት ሁኔታ ስለሚለያይ አንዱ ድንጋይ ሁለት መልክ ይይዛል። ገበያ ላይ ያለው የተፈጥሮ አሜትሪን በአብዛኛው የሚወጣው ምሥራቅ ቦሊቪያ ካለው የአናሂ ማዕድን ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ዓለም ገበያ ላይ ሲታይ ግን የቦሊቪያ ነው ያለ አልነበረም። በብራዚል በኩል ስለሚያልፍ የብራዚል ተብሎ ይሸጥ ነበር። አሜቲስት ሲሞቅ ቢጫ ሊሆን ስለሚችል፣ ሰው የሠራው ቀለም ይሆን እንዴ ብለው የጠረጠሩ ባለሙያዎችም ነበሩ። ኋላ በ1990ዎቹ ሩሲያ ውስጥ አሜትሪን በላቦራቶሪ መሠራት ጀመረ። ለዚህ ነው ማዕድን ሰብሳቢ ከድንጋዩ እኩል "ከየት ወጣ?" የምትለዋን የሚጠይቀው።

እኛም የስምን ነገር በኦፓል አይተነዋል። በ1994 ገደማ ከሰሜን ሸዋ፣ ከመዘዞ አካባቢ፣ ቡናማ ኦፓል ወጥቶ የውጭ ሰብሳቢዎችን አስደነቀ። ብዙው ግን ሲደርቅ ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ኦፓል ሲባል ገዢው ቀድሞ የሚያስበው ስንጥቁን ሆነ። በ2008 ደቡብ ወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና አጠገብ፣ ሌላ ኦፓል ተገኘ። ነጣ ያለ፣ ውስጡ ቀስተ ደመና የሚጫወትበት፣ ውሃ ሲጠጣ ጠርቶ ሲደርቅ ወደ መልኩ የሚመለስ። ዛሬ ዓለም "ወሎ ኦፓል" ብሎ በቦታው ስም ይጠራዋል። የመዘዞን ስም ያጠፋው ስንጥቅ ነው፤ የወሎን ስም ያቆመው ደግሞ ገደል ፈልፍሎ፣ ነፍሱን አስይዞ የሚያወጣው የደላንታ ልጅ ነው።

እንግዳው ከሄደ በኋላ የልጅነት ቆርቆሮዬን አውርጄ ከፈትኩት። ወደ ቆላው በወረድን ቁጥር የለቀምኩት ባልጩት ሞልቶታል። ከዝዋይ ሐይቅ ማዶ፣ ጋደሞታ ላይ፣ ሰዎች ከ200 ሺህ ዓመት በፊት በባልጩት መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ይህን ማወቅ የተቻለው ቆፋሪዎቹ እያንዳንዱ ስባሪ የተገኘበትን ቦታና የአፈር ንጣፍ ስለመዘገቡ ነው። የእኔስ? የትኛው ከየት እንደተነሳ አንዱንም አላስታውስም። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም የሚያብረቀርቅ፣ ሁሉም ዲዳ።

ወገኖቼ፣ በተለይ የአርሲ ልጆች፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ድንጋይ ካለ፣ ያነሳው ሰው በሕይወት እያለ ጠይቁት። ቦታውንና ዓመቱን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡት። ድንጋዩ መቶ ዓመት ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ የሚያውቀው ሰው ነው የሚያልፈው።