ፍርዱ ሳይነበብ

ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወሬው ከላስታ ተነሥቶ ኒውዮርክ ደርሶ የሚመለስ ነውና ጋቢያችሁን ደልደል አድርጋችሁ ስሙኝ።

ሰኔ 12 የቅዱስ ላሊበላ በዓል መሆኑን አገር ያውቃል። ክረምቱ ልግባ አልግባ ሲል፣ ጉሙ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሲወርድ፣ ካህናቱም ጸናጽላቸውን ሲያነሡ ማለት ነው። በ1928 ዓ.ም. ግን በዓሉ ኀዘን ያጠላበት ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ከወር በላይ ሆኖታል፤ ንጉሡም ከማይጨው ሽንፈት ሲመለሱ፣ በሚያዝያ፣ ከመንገዳቸው ወጣ ብለው ላሊበላ መጥተው ጸለዩ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ወረዱ፣ ከዚያም በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ስደት።

በዚያው ሰኔ 12 በኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ጆ ሉዊስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ቡጢኛ በጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር ተዘረረ። ግጥሚያው የተቀጠረው ለዋዜማው ነበር፤ ዝናብ ጣለና በአንድ ቀን አዘገየው፣ ከበዓላችንም ላይ አሳረፈው። እኔ ምልክት ፈቺ አይደለሁም፤ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ሳገኛቸው ግን እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

የሉዊስ መውደቅ ለእኛ ምናችን ነው ትሉ ይሆናል። ነገሩ የሚጀምረው ከዓመት በፊት ነው። ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. በዚያው ስታዲየም ሉዊስ ከጣሊያናዊው ግዙፍ ከፕሪሞ ካርኔራ ጋር ገጠመ። ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ እኛ እያጓጓዘ ነበርና ብዙ ሰው ጠቡን የኢትዮጵያና የጣሊያን አድርጎ ያዘው፣ ጋዜጦችም እንደዚያው ጻፉት። ጠብ እንዳይነሣ ተፈርቶ፣ ተመልካቹ የዘርን ነገር እንዲተው በድምፅ ማጉያ ተለመነ። ካርኔራ 118 ኪሎ ያህል፣ ሉዊስ 89 ያህል፤ በ6ኛው ዙር ግን ያ ግንብ የሚያህል ሰው ደጋግሞ ወደቀና ዳኛው አስቆመው። ሦስት ወር ሞልቶ ትንሽ አለፍ እንዳለ፣ መስከረም 22፣ ጣሊያን መረብን ተሻገረ። የሉዊስን ድል ሲያሞግስ የነበረው የጥቁሮች ጋዜጣ ፒትስበርግ ኩሪየርም ጆኤል ሮጀርስ የተባለውን ጸሐፊውን ጦርነቱን እንዲዘግብ ወደ አገራችን ላከው።

ጸሐፊ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ሽሜሊንግ ሉዊስን በዘረረ በ11ኛው ቀን፣ ሰኔ 23፣ ንጉሡ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ሊናገሩ ሲቆሙ፣ ከላይ የተቀመጡት የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ጮኹባቸው። ጃንሆይ ዝም ብለው ቆሙ፣ ጩኸተኞቹም እስኪወጡ ጠበቁ፣ ከዚያም በአማርኛ ተናገሩ። ሰኔ ሳያልቅ ያ ጉባኤ በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ። ዳኛ ማለት እንዲህም ነው።

አሁን ዘመኑን ላሻግራችሁ። ኅዳር 25 ቀን 1940 ዓ.ም. አገራችን ነፃ ወጥታለች፣ ሉዊስም የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ አሥር ዓመት አልፎታል፤ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ጀርሲ ጆ ዋልኮት የሚባል፣ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው የ33 ዓመት ሰው ገጠመው። ዋልኮት በ1ኛው ዙር ጣለው፣ በ4ኛውም ደገመው፤ ከዚያም መርቻለሁ ብሎ መጨረሻው ላይ ወደ ኋላ እያፈገፈገ 15ቱን ዙር ጨረሰ። ያቺ ማፈግፈግ ሳትጎዳው አልቀረችም።

ደወሉ ሲደወል ሉዊስ ማንንም አልጠበቀም። ፊቱ አባብጦ፣ ጎንበስ ብሎ በገመዱ መሐል ሊሾልክ ሲል ረዳቶቹ ይዘው አስቀሩት። ፍርዱ ተነበበ፤ የመሐል ዳኛው ሩቢ ጎልድስቲን ለዋልኮት 7 ለ6 ሰጠ፣ ሁለቱ ዳኞች ግን አንዱ 9 ለ6፣ ሌላው 8 ለ6 ለሉዊስ ፈረዱ። አዳራሹ በተቃውሞ ተናወጠ፣ ከገመዱ ሥር ተቀምጠው ታይፕራይተር ሲደበድቡ ካመሹት ጸሐፊዎችም ብዙዎቹ አሸናፊው ዋልኮት ነው ብለው ጻፉ። ሉዊስ ራሱ ዋልኮትን ይቅርታ ጠየቀው ይባላል። የሰኔ ዝናብ እንደ ልማዱ ቀጠሮ አዛብቶ፣ እንደገና ሲገናኙ ቀኑ ያው ካርኔራ የወደቀበት ሰኔ 18 ሆነ፣ ስታዲየሙም ያው ያንኪ፤ ሉዊስ በ11ኛው ዙር ዘረረውና የዳኛ ነጥብ የጠየቀ አልነበረም።

ይህን ወሬ አንድ ማታ ቡና ላይ ሳወራ፣ ስንት የደም ጠብ ያስታረቁ አንድ የላስታ ሽማግሌ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሲሰሙኝ ቆዩ። የሁለተኛውን ግጥሚያ ነገር ከቁብም አልቆጠሩት።

«ልጄ፣ ሰውየው ሊወጣ ጎንበስ ሲል እኮ በራሱ ፈርዷል» አሉኝ። «ማነው የመለሰው?»

«የገዛ ሰዎቹ ናቸው፣ አባባ» አልኳቸው።