ደላላ፣ ዋስና ዳኛ፦ በጡረታ ገንዘባችን ላይ ማን ይምከረን?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ሆነዋል። «ጋሼ፣ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመት ነው የቀረኝ። ያጠራቀምኳት ገንዘብ አለች። አንዱ አክሲዮን ግዛ ይለኛል፣ አንዱ ኮምቦልቻ ቦታ ያዝ ይለኛል፣ ሌላው መኪና ገዝተህ አከራይ ይለኛል። ማንን ልስማ?»

እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ የገንዘብ ባለሙያ አይደለሁም፤ ይሄን ግዙ ልላችሁ አልችልም። «ማንን ልስማ» ለሚለው ግን ታሪክ መልስ አለው። ያውም ከእኛው ከሰኞ ገበያ የሚጀምር።

ድሮ በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው ከሻጩ ሌላ ሦስት ሰዎች ነበሩለት። አንደኛው ደላላው ነው። ደላላ የሚያገኘው ሽያጩ ሲሳካ ነው፤ በሬው ነገ ቢታመም እሱ ድርሻውን ተቀብሎ ሄዷል። ይሄ ነውር አይደለም፣ ሥራው ነው። ሁለተኛው ዋሱ ነው። ሻጩን የሚያውቅ፣ በሬው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው። ሦስተኛው ዳኛው ነው። በየትልልቁ ገበያ ነጋድራስ የሚባለው ሹም ቀረጥ ከመሰብሰቡ ሌላ የነጋዴውን ክርክር ይዳኝ ነበር።

ልብ በሉ፣ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ደላላው «እኔው ዋስ ነኝ፣ ብትጣሉም እኔው እዳኛችኋለሁ» ቢል የወሎ ገበሬ በሬውንም ሳያይ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ዕቁብም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ገንዘቡን አይወስድም። የዕቁቡ ዳኛም ራሱ ዕቁብተኛ ነው፤ ዕቁቡ ቢፈርስ የሱም ገንዘብ አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጡረታው እንምጣ። የአያቶቻችን ጡረታ ልጅ፣ ከብትና መሬት ነበር። ገንዘብ ያለው ደግሞ ጠገራ ብሩን በማሰሮ አድርጎ ይቀብራል። ጠገራው 28 ግራም የሚመዝን ብር ስለነበረ ዋጋው በራሱ ውስጥ ነው፤ አማካሪ አይፈልግም። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። የወረቀት ገንዘብ ዋጋው ያወጣው መንግሥት ቃል ነው። ይሄን ሳይረዳ ወረቀቱን እንደ ጠገራው የቀበረ ሰው በ1969 ዓ.ም. ኖት ሲቀየር አለቀሰ። በመስከረም 2013 እንደገና ሲቀየርም በየፍራሹ ስር የነበረው ብር ወደ ባንክ ሲሮጥ ሁላችንም አይተናል።

በ1955 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ወጣ። ለመምህሩ፣ ለጸሐፊው፣ ለፖሊሱ ትልቅ ነገር ነበር። ነጋዴው ግን አዋጁ አይመለከተውም፤ ስለዚህ የራሱን ጡረታ በግንብ ሠራ። ቤት ሠርቶ ማከራየት! በየከተማው፣ በእኛም ደሴ፣ ብልህ የሚባል ሰው ምክሩ ይሄው ነበር። በጊዜው ምክሩ ስህተት አልነበረውም።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በዚያው ዓመት ባንኮችና ኢንሹራንሶችም ተወርሰዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር ይካሄድ የነበረው የአክሲዮን ግብይትም በዚያው አበቃ። አዋጁ የተከራይን ሸክም አቅልሏል፤ ለብዙ ድሃ ቤተሰብ እፎይታ ነበር። ይሄን መካድ አይገባም። በኪራይ ሊጦር ያሰበው ሽማግሌ ግን ምን ገጠመው? ቤቱን የወሰደው መንግሥት፣ አነስተኛውን ኪራይ የሚሰበስበው ቀበሌ፣ አቤት የሚባልበት ሸንጎም የዚያው የቀበሌ። ሰኞ ገበያ ላይ ተለያይተው የነበሩት ሰዎች እዚህ አንድ ሆኑ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ምክር ነገን አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉን በአንድ ቦታ አታስቀምጡ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሀብቱ በሙሉ በሱቁ ውስጥ የነበረ ሰው ይሄን ከእኔ በላይ ያስተምራችኋል። ሁለተኛ፣ የሚሸጥልህ፣ የሚመክርህና የሚዳኝህ አንድ ሲሆኑ ፍራ።

ይሄ በደርግ አላበቃም። ለረጅም ዓመታት የጡረታ ፈንዱ ገንዘብ በዋናነት የሚገባው በመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ነበር። የዋጋ ንረቱ ሁለት አኃዝ ሲሆን የሰነዱ ወለድ ከ3 በመቶ በታች የነበረባቸው ዓመታት አሉ። አስቡት፣ ገንዘቡን የሚያስተዳድረውም መንግሥት፣ ተበዳሪውም መንግሥት!

ዛሬስ? በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኛም ጡረታ አገኘ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠሩ ልጆች፣ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪያችሁ 11 በመቶ ይጨምራል። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። 30 ዓመት ካገለገላችሁ 55 በመቶ መሆኑ ነው። ጣሪያው 70 ነው። እና ቀሪውን ከየት? አማካሪ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አማካሪ ነኝ ባዩ ደግሞ በዝቷል። በ2013 ዓ.ም. ለባንክ መመሥረቻ የሚጠየቀው ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያድግ፣ አክሲዮን ሲሸጡ ከነበሩት በምሥረታ ላይ ያሉ ባንኮች አንዳንዶቹ ሳይከፈቱ ቀሩ። አክሲዮኑን ያሻሻጠው ሰው ኮሚሽኑን በልቷል። ገዢው ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት።

በዚያው ዓመት የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ግን የሰኞ ገበያን ጥበብ መልሶ ያመጣ ይመስለኛል። የኢንቨስትመንት አማካሪ ራሱን የቻለ ፈቃድ የሚወጣበት ሥራ ሆኗል፣ አገናኙም እንዲሁ። ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው ደግሞ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያውም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል። አንድ ድርጅት ከአንድ በላይ ፈቃድ ይዞ ሊመክርም ሊሸጥም ስለሚችል ግን መጠየቁ የእናንተ ድርሻ ነው።

እንግዲህ «ልምከርህ» የሚላችሁን ሰው እነዚህን ጠይቁት፦

1. ደመወዝህን የሚከፍልህ ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ ግዛ የምትለኝ ድርጅት?

2. ፈቃድህ የታለ? የሰጠህስ ማን ነው? (የሚያሳያችሁን ወረቀት ብቻ አትመኑ፣ ባለሥልጣኑን ጠይቁ።)

3. ነገ ብታመምና ገንዘቤን ብፈልግ በስንት ጊዜ ይመለሳል? ማንስ ይገዛኛል?

4. ባንጣጣም የምንዳኘው የት ነው?

አምስተኛውን መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። የወሎን ሰው ሲያማክር «ወለድ ትወስዳለህ ወይስ አትወስድም?» ሳይል የባንክ ቁጠባና የግምጃ ቤት ሰነድ የሚደረድርላችሁ ሰው እናንተን እያየ አይደለም፤ የሚሸጠውን እያየ ነው። ዕድሜያችሁን፣ ዕዳችሁን፣ ያልተማረ ልጅ መኖር አለመኖሩን ሳይጠይቅ «ይሄን ግዙ» የሚልም እንደዚያው።

በጥያቄዎቹ የሚቆጣ ካለ ትቷችሁ ይሂድ። ደግ አማካሪ አይቆጣም፤ ዋስ ጥራ ሲባል የሚቆጣ ዕቁብተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስንወስን ደግሞ ከባለቤታችንና ከደረሱ ልጆቻችን ጋር ይሁን። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነው።

በእናንተ ቤትስ አያቶቻችሁ ለእርጅና ብለው ምን አስቀምጠው ነበር? ምንስ ተረፈ? ከታች ጻፉልኝ፣ በተለይ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ጡረታ የቀረበው ወንድም ወይም እህት ካላችሁም አድርሱላቸው።