የመተማ ቁልቁለትና የመኪና ፍሬን
አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት መተማ የጎንደርና የሱዳን ነጋዴዎች የቆየ መገናኛ ናት። ቡናውና ሰሙ ቀድሞ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ይጓዝ ነበር። ጭነቱ ወደ ከባድ መኪና ሲዞር ቁልቁለቱ የፍሬን ፈተና ሆነ፤ መንገዱ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት አዘዞ ተነስቶ በጭልጋ በኩል እስከ 700 ሜትር ያህል ይወርዳል። ፍሬን ሳያቋርጥ ሲረገጥ ዲስኩና ታምቡሩ ይግላሉ፤ ሸራው የመያዝ ኃይሉ ይደክማል፤ ውሃ የገባበት የፍሬን ዘይት ይፈላና ፔዳሉ ይሰምጣል። ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ሲፋተግ ደግሞ ዲስኩ ይቦረቦራል፤ ያለጊዜውም ያልቃል። ከመጠን ያለፈ ጭነትና የቆላው አቧራ ጉዳቱን ያፋጥኑታል። ስለዚህ አሽከርካሪ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ይቀንስ፤ ሸራውንም ሳያልቅ ያስለውጥ።